በእኛ ቀን የምትሄደው ኮምፒውተር

ሰቆጣ፣ ኅዳር 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለምስራቅ፤ ጀርመን አገር፣ ካስል ከተማ።

ዛሬ ሚካኤል ነውና ጥበቃው ካለሽበት ይድረስሽ። እንደምን ከረምሽ? እኛ ደኅና ነን። እናቴም ጉልበቷን ከሚይዛት በቀር ደኅና ናት። ፎቶግራፍሽን ግድግዳው ላይ ከመስቀሏ ጎን ሰቅላዋለች፤ ጠዋት ስትነሣ መጀመሪያ መስቀሉን፣ ቀጥላ አንቺን ትሳለማለች። የእኔስ ፎቶ የት አለ ብዬ ብጠይቃት «አንተ ራስህ እዚህ አለህ አይደል?» አለችኝ። ያለፈውን ደብዳቤሽን ሳነብላት ደግሞ ከላይ «ኦገስት» ብለሽ ስለጻፍሽ «ኦገስት ማነው? አገባች እንዴ?» ብላ ነበር። በእኛ ወር መጻፍ ከበደሽ መሰለኝ።

አሁን ላስቸግርሽ ነው። ባለፈው ዓመት ለግብርና መምሪያችን አንድ ኮምፒውተር እንደመጣችና በእኔ እጅ እንዳለች ነግሬሻለሁ። ማንም ሳያስተምረኝ ከጽሕፈት መኪና ወደ እሷ ተሻግሬያለሁ። በቅርቡ የዘር ስርጭት መመዝገቢያ የሚሉት ፕሮግራም ተላከልን፤ ፕሮግራሙ ግን ዊንዶውሱ ካልተሻሻለ አልነሣም አለ። ማሻሻያው ሰርቪስ ፓክ ይባላል፤ በሲዲ ነው የሚመጣው። «ይላካል» ከተባልን ሁለት ወር አለፈን። አንቺ የምትሠሪው የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ውስጥ ስለሆነ እንዲህ ያለው ሲዲ ጠረጴዛሽ ላይ አይጠፋም ብዬ ነው።

የምቸኩልበትን ምክንያት አልደብቅሽም። አገኘሁሽ የምትባል ልጅ ተቀጥራ መጥታለች። የፃግብጂ ገበሬ ልጅ ናት፤ ደሴ ተምራ በኮምፒውተር ዲፕሎማ ይዛለች። ገበሬው ሲመጣ በኽምጣኛ ታነጋግረዋለች፣ ገበሬውም እየመረቃት ይሄዳል። ኃላፊያችን አቶ ወልደ ጻድቅ ከመጣች ወዲህ «አገኘሁሽን ጠይቋት» ማለት አብዝተዋል። በቅርቡ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ የሚባል መደብ ይከፈታል፤ ማሻሻያውን የጫነ ሰው መደቡን እንደሚይዝ ሁሉም ያውቃል። እኔ ዘጠኝ ዓመት በጽሕፈት መኪና ጣቴ ነቅቷል። እንደገና መቀደም አልፈልግም። «እንደገና» ያልኩት ለምን እንደሆነ ይገባሻል፤ አልቀጥልበትም።

ስልክ አትደውዪልኝ። ቴሌ ውስጥ የሚነገረውን ተራ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ይሰማል፤ አገኘሁሽም ከተራው ትኖር ይሆናል።

በጤና ያቆይሽ።

ወንድምሽ ደጅይጥኑ


ካስል፣ ዲሴምበር 19 ቀን 2003
(እንዳትቆጣ፦ ታኅሣሥ 9)

ለወንድሜ ለደጅይጥኑ፣

እማ ውዴንም አንተንም እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ። እዚህ ብርድ ገብቷል፤ እኔ ግን ጤነኛ ነኝ።

ሲዲውን ልኬልሃለሁ። ለእማ ውዴ የገዛሁት የሱፍ የጉልበት ማሞቂያ ውስጥ ተጠቅልሏል፤ እንዳይሰበር ቀስ ብለህ አውጣው። ከመጀመርህ በፊት እስከ ዛሬ የጻፍከውን ሁሉ በፍሎፒ ገልብጠህ ሌላ ቦታ አስቀምጥ። መብራት የማይጠፋበትን ሰዓት ምረጥ፤ መሐል ላይ ከጠፋ ኮምፒውተሯ ላትነሣ ትችላለች። ሲዲውን ስታስገባ የሚጠይቅህን እያነበብክ እሺ በለው። አንድ ሰዓት ቢቆይ አትደንግጥ፣ አትነካካው። እንቢ ካለህ ደግሞ የሚጽፈውን መልእክት ፊደል ሳትዘል ገልብጠህ ላክልኝ።

ስለ «እንደገና» አንድ ጊዜ ልናገርና ይቅር። ሁለታችንም ተፈተንን፤ ለዞኑ የደረሰው የጀርመን ሥልጠና ቦታ አንድ ነበር፤ ለእኔ ወጣ። ሥልጠናው የጽሕፈት መኪና ጥገና እንደነበር አትርሳ። ስጨርስ የጽሕፈት መኪና የሚያስጠግን ሰው በዚህ አገር አልነበረም። ኮምፒውተር የተማርኩት የሱቁን ወለል እየጠረግሁ ነው።

ፎቶዬ ከመስቀሉ ጎን በመሰቀሉ ትቀናለህ። ፎቶ የሚሰቀለው ለሌለ ሰው ነው። «አንተ ራስህ እዚህ አለህ» የተባልክበትን ቃል እኔ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት ባወቅህ።

ልጅቷ ዲፕሎማ ካላት ለምን አብራችሁ አትጭኑትም?

ምስራቅ


ሰቆጣ፣ ጥር 18 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለምስራቅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሲዲው ለጥምቀት ሲደርስ የነበረኝ ደስታ በሦስተኛው ቀን ምን እንደሆነ ላጫውትሽ።

ጥር 14 ቀን ጠዋት ሠራተኛውን በሙሉ ጠራሁ። ወንበር ተደረደረ፤ አቶ ወልደ ጻድቅ ከፊት ተቀመጡ። አብራችሁ ጫኑ ያልሽውን አልተቀበልኩም፤ አንድ ኪቦርድ ለሁለት ሰው አይሆንም። ሲዲውን አስገባሁ፣ እሺ እሺ አልኩት፣ ሰማያዊው መስመር መሄድ ጀመረ። ጥቂት ሄዶ ቆመና ጽሑፍ አወጣ። በሌላ ወረቀት እንዳለ ገልብጬ አያይዤልሻለሁ። ከመዝገበ ቃላት እንደተረዳሁት የፋይሉን ፊርማ ማረጋገጥ አልቻልኩም ነው የሚለው። አቶ ወልደ ጻድቅ «ፊርማ ከሆነ የጎደለው እኔ አለሁ፤ ማኅተምም ይደረግበት» አሉ። አምስት ጊዜ ሞከርኩ፣ አምስት ጊዜ ያንኑ አለኝ። ላቤ በሸሚዜ ወጣ።

አገኘሁሽ ይኼኔ ከኋላ ሆና ምን ብትል ጥሩ ነው? «ጋሼ ደጅይጥኑ፣ ቀኑ የተሳሳተ ይመስለኛል።» ሁላችንም ዞረን ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አየን። ኮምፒውተሯ 14፣ 5፣ 1996 ትላለች፤ የቀን መቁጠሪያውም ጥር 14 ቀን 1996 ይላል። ሰዓቱም አራት ከሩብ፣ ልክ ነው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ። ልጅቷ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

ለነገሩ ያ ቀን የእኔ ሥራ ነው። ኮምፒውተሯ ስትመጣ የፈረንጅ ቀን ነበር የምታሳየው፤ አቶ ወልደ ጻድቅ «መንግሥት በእኛ ቀን ነው የሚሠራው» ቢሉኝ በእኛ አስተካከልኩት። ወሩ ባለቀ ማግስት ሠላሳ አንድ ስትል ማልጄ ገብቼ ወደ አንድ እመልሳታለሁ። ጳጉሜን ላይ ግን አሥራ ሦስተኛ ወር አልቀበልም ስላለች ስድስቱን ቀን አጥፍቻት ሰነበትኩ። እንዲህ የሚጠነቀቅላት ሰው ባለበት ነው እሷ ቀን ተሳስቷል የምትለው።

የተበላሸ ሲዲ ሆን ብለሽ ላክሽልኝ ማለት አልፈልግም። ብዬ ግን አስቤያለሁ። ለአቶ ወልደ ጻድቅ የነገርኳቸው ሌላ ነው፤ ከዋዜማው አገኘሁሽ ስትነካካት አይቻለሁ አልኳቸው። ነክታለች፣ እውነት ነው። አቧራ ስትጠርግ።

እናቴ ማሞቂያውን ጉልበቷ ላይ አላደረገችውም፤ ታቅፋው ነው የምትተኛው። እኔ በየሳምንቱ የማመጣላትን ቅባት ግን አስታውሳ አታውቅም። የወለደችው እኔን መሆኑን አንዳንድ ጊዜ ላስታውሳት ይገባል፤ አንቺንም። የራስሽ እናት ስለሞተችና እኛ ቤት ስላደግሽ የእኔን መውሰድ አለብሽ ማለት አይደለም።

መልሱን ቶሎ ላኪ። መደቡ ሊከፈት ነው።

ደጅይጥኑ


ካስል፣ ማርች 21 ቀን 2004

ለደጅይጥኑ፣

እንደምን ሰነበትክ? የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ሲዲው ደኅና ነው። የተሳሳተው ቀኑ ነው። አገኘሁሽ ትክክል ናት።

ኮምፒውተር ውስጥ የሚገባ እንዲህ ያለ ፋይል የሠራው ሰው ፊርማ አለው፤ ፊርማው የሚጸናው ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ተብሎ ነው፤ ቀኑም የሚቆጠረው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። የላክሁልህ ማሻሻያ የተፈረመው በ2002 ነው። ኮምፒውተርህ ደግሞ አንተ ስላልካት 1996 ላይ ቆማለች። ስድስት ዓመት ቆይቶ የሚፈረም ወረቀት አምጥተህ ዛሬ ተቀበይ ብትላት እንዴት ትቀበል?

ከታች በስተቀኝ ሰዓቱ ላይ ሁለት ጊዜ ተጫን። በዚያን ዕለት ያለውን የፈረንጅ ቀን፣ ወርና ዓመት አስገባ፤ ሰዓቱንም ስድስት ሰዓት ወደፊት ግፋው። ከዚያ ሲዲውን እንደገና አስጀምር፤ ይሄዳል። ከእንግዲህ ሰዓቱን አትንካው። የእኛን ቀን ደብዳቤው ላይ በጣትህ ጻፈው።

ልጅቷ ነካካች ብለህ የተናገርከውን አንሣላት። ዛሬውኑ።

ለእማ ውዴ የፋሲካን ሰላምታ አድርስልኝ፤ በሰላም ጹማ በሰላም ትፍታ።

ምስራቅ


ሰቆጣ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለምስራቅ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። ደብዳቤሽ ለፋሲካ ደረሰልንና እናቴ ሰላምታሽን እየሰማች ፈሰከች።

ምስጋናዬ ብዙ ነው። ከትናንት በስቲያ እንዳልሽው አደረግሁ፤ ማሻሻያው በአርባ ደቂቃ ተጫነ። የዘሩ መመዝገቢያም ተነሣ። አቶ ወልደ ጻድቅ እጄን ጨበጡኝ፤ የመደቡ ደብዳቤም እየተጻፈልኝ ነው። ጉዳዩን እንዴት እንደደረስኩበት ሲጠይቁኝ መጽሐፍ አገላብጬ ነው አልኳቸው። ስምሽን ያላነሣሁት ነገሩ እንዳይረዝም ብዬ ነው።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። ሚያዝያ 14 ቀን ግምገማ ነበረን። አገኘሁሽ ወደ እኛው ዞን ዝቋላ ወረዳ ተዛውራለች። ቆላ ነው፤ መብራት የለም፤ ግን ሰው ይኖርበታል። ሂሷን እንድታወርድ፣ ጥፋቷን እንድታምን ዕድል ተሰጥቷት ነበር፤ ዝም አለች።

የሞባይል ቻርጀር የምትልኪልኝ እንደሆነ ረዘም ያለ ገመድ ያለው ይሁን፤ ሞባይል ወደዚህም ይመጣል እየተባለ ነው። የዚህን ሰሞን ደብዳቤሽን ወደ መሥሪያ ቤት አድራሻ አትላኪው፤ በቤት ይሁን።

ደጅይጥኑ


ካስል፣ ግንቦት 15 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለደጅይጥኑ፣

ቀኑን በእናንተ የጻፍኩት አስቤበት ነው።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩ። ደብዳቤዬ ለፋሲካ ደረሰ ብለሃል። ፋሲካ ሚያዝያ 3 ነበር። ግምገማው ሚያዝያ 14 ነበር ብለሃል። ኮምፒውተሯን ያስተካከልካት ሚያዝያ 20 ነው። ስለዚህ አገኘሁሽ በሰው ፊት ቆማ ስትጠየቅ መልሱ አንተ ኪስ ውስጥ ነበር። ተሳስቼ ከሆነ ንገረኝ፤ መሳሳት እፈልጋለሁ።

ንጹሕ ሆኜ አልጻፍኩልህም። ሥራ በዝቶብኝ ነው ያልኩህ ውሸት ነው። የጥር ወር ደብዳቤህ የደረሰኝ በፌብሩዋሪ አጋማሽ ነው። ችግሩን ደጃፍ ላይ ቆሜ ሳነብ ነው ያወቅሁት። ያን ዕለት ብጽፍልህ ኖሮ ከግምገማው ከወር በላይ ቀድሞ ይደርስህ ነበር፤ የልጅቷ ጉዳይ ገና ወሬ ሆኖ ሳለ። ግን የራስሽ እናት ስለሞተች የእኔን አትውሰጂ ያልከውን አነበብኩና ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ዘጋሁበት። አምስት ሳምንት። ይቸገር፣ በሰው ፊት ይዋረድ አልኩ። ቀንቼ ነው። አንተ ማታ ማታ ጉልበቷን ታሻለህ፤ እኔ የላክሁትን ሱፍ እንዳቀፈችው በወረቀት እሰማለሁ። በሥልጠናው አሥር ዓመት ስትቀናብኝ እኔ ደግሞ፣ ቤት ገብተህ «እናቴ» በምትልበት አፍህ ስቀና ነው የኖርኩት።

ሁለታችንም ቀናን፤ ዝቋላ የወረደችው ግን እሷ ናት።

እስከ ዛሬ ብዙ ነገር ጠይቀኸኝ ልኬልሃለሁ። አሁን እኔ አንድ እጠይቅሃለሁ። የማርቹን ደብዳቤዬን ለአቶ ወልደ ጻድቅ፣ በዚያ ቀን በሳቁት ሰዎች ፊት አንብብ።

ደብዳቤዬን ለእማ ውዴ የምታነብላት አንተ ነህ። ይህን ክፍል እንደምትዘለው አውቃለሁ። አትዝለለው።

ምስራቅ


ሰቆጣ፣ ሰኔ 14 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለምስራቅ፣

ይህ ደብዳቤ በኮምፒውተር ተጽፎ ስላየሽው አትደነቂ። የምትጽፈው አገኘሁሽ ናት፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እየነገርኳት። አንዳች ቃል እንዳትቀንስ፣ እንዳትጨምርም አደራ ብያታለሁ።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ለሁለት ቀን ደበቅሁት። በሦስተኛው ቀን እናቴ «ልጄ ዝም አለች፣ ታመመች መሰለኝ» ብላ ማልቀስ ጀመረች። አውጥቼ አነበብኩላት፤ ልዘል ስደርስ አልቻልኩም። ስለ መሳቢያውም፣ ስለ ኪሴም፣ ያን ክፉ ቃሌንም ሰማችው። ከዚያ «ያች ልጅ እናት አላት?» አለችኝ።

«አለቻት፣ ፃግብጂ» አልኳት።

«እንግዲያ ደጅ ደጁን እያየች ነዋ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ማታ ጉልበቷን ላሻት ብል አላስነካኝም።

በማግስቱ አቶ ወልደ ጻድቅን ሰው ይሰብስቡልኝ አልኳቸው። ወንበሩ እንደዚያን ጊዜው ተደረደረ። የኮምፒውተሯን ቀን ወደ 1996 መለስኩና ሲዲውን አስጀመርኩ፤ እንቢ አለች። ወደ 2004 አመጣሁት፤ ሄደች። ቀጥዬ ደብዳቤሽን አነበብኩ፤ የደረሰኝንም ቀን ተናገርኩ። ሳቅ ጠብቄ ነበር። ማንም አልሳቀም፤ ይህ ከሳቁ ይብስ ነበር። አቶ ወልደ ጻድቅ መነጽራቸውን አውልቀው «በእኛ ቀን አድርጋት ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ነካካች ያልከው ግን አንተ ነህ።»

የመመለሻዋን ደብዳቤ እኔ ራሴ ላድርስ ብዬ ለመንኩ። ሁለት ቀን በእግሬ ወረድኩ። አንዲት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የዘር ተቀባዮችን ስም በካርቦን ወረቀት ስትጽፍ አገኘኋት፤ ጣቷ ሁሉ ሰማያዊ ሆኗል፤ ከደጅ አንድ ሽማግሌ በኽምጣኛ ስሙን ይነግራታል። አይታኝ ተነሣች፤ ጋሼ ማለቷን አልተወችም።

«ቀኑ ነበር?» አለችኝ።

«ቀኑ ነበር።»

«አውቄዋለሁ» አለች። «ሁሉም ሲስቅ ግን ራሴን ተጠራጠርኩ። ግምገማው ላይ ዝም ያልኩት ለዚያ ነው።» ደብዳቤውን ተቀብላ ወዲያው አልከፈተችውም፤ መጀመሪያ የሽማግሌውን ስም ጽፋ ጨረሰች።

መደቡ የእሷ ሆኗል። እኔ ወደ ጽሕፈት መኪናዬ ተመልሻለሁ። ምስራቅ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ አሁንም እቀናለሁ። እኔ በሁለት ጣት የምለቅመውን ፊደል እሷ በአሥር ጣት ትዘራዋለች። ገበሬው እሷን እየመረቀ በእኔ በኩል ዝም ብሎ ያልፋል። ይህንንም ጻፊው ስላት ቀና ብላ አየችኝ፤ ጻፈችው። በአንቺም እቀናለሁ፤ የማልቀናበትን ቀን ገና አላየሁም። ደብዳቤ ግን ኪሴ ውስጥ አላሳድርም፤ አንቺም መሳቢያ ውስጥ አታሳድሪ።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከመስቀሉ ማዶ የእኔ ፎቶ ተሰቅሎ አገኘሁት፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉ ነው። «እኔ እኮ እዚህ አለሁ» ብላት «ዝቋላ በወረድክ ጊዜ ነው የሰቀልኩት፣ አልነበርክማ» አለችኝ። አንቺ ፎቶ የሚሰቀለው ለሌለ ሰው ነው ያልሽው ያኔ ገባኝ።

ከላይ ያለውን ቀን አገኘሁሽ በጣቷ ነው የጻፈችው። በኮምፒውተሯ ከታች በስተቀኝ ባለው ጥግ ያለው ያንቺ ቀን ነው፤ አልነካነውም። ጠዋት ስገባ ጎንበስ ብዬ አየዋለሁ።

ጉልበቷን ከትናንት ጀምሮ እንዳሻት ፈቅዳልኛለች። ማሞቂያውንም አድርጋዋለች። ክረምቱ ሳይገባ መንገድ ከተገኘልሽ ነዪ፤ እናታችን ደጅ ደጁን እያየች ነው።

ወንድምሽ ደጅይጥኑ